ልብስ ሰፊዋ ለጣውንቷ ያጠረችው መስክ

ልብስ ሰፊዋ ልትፈታው የተነሳችው ችግር ይህ ነበር፦ ባሏን ከፈረሷ እንዴት ታስመልሰው?

በሰው ፊት ግን እንዲህ ብላ አታወራውም። በሰው ፊት የምትለው፣ «ይቺ ፈረስ ቀኑን ሙሉ በገመድ ታስራ መዋሏ አንጀቴን ይበላዋል፤ መስክ ልናጥርላት ይገባል» ነው። የሰማት ሁሉ ደግነቷን አደነቀ። የልቧን ነገር የሚያውቀው ልቧ ብቻ ነበር።

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ ጋሪ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። አሸዋ፣ ጡብ፣ የወፍጮ እህል፣ ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃ ሲያመላልስ ኖሮ አንድ ቀን ጋሪውን ከግቢው ግድግዳ ጋር አስደግፎ «በቃኝ» አለ። ለምን ሲባል፣ «ባለሞተሮቹ ሥራውን ወሰዱት፤ እሷን ምን አደክማታለሁ» አለ። «እሷ» ያላት ባዝራዋን ነው፤ ግራጫ፣ ደረተ ሰፊ፣ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ፈረስ። ስም አውጥቶላታል፦ «እመቤት»። ልብስ ሰፊዋ በዚህ ስም ላይ ያላትን አስተያየት ለመናገር ወደ ኋላ ብላ አታውቅም። «እኔ ካገባኝ ጀምሮ 'አንቺ' ነኝ። ቢበዛ 'አንቺ ሴትዮ'። እመቤትነቱ የተረፈው ለባለ አራት እግሯ ነው።»

ጋሪው ከቆመ ወዲህ ባዝራዋ የምትውለው ከቤቱ ፊት ባለችው ጠባብ ቦታ፣ ካስማ ላይ ታስራ ነው። ቦታዋ ደግሞ ልክ ከስፌት ክፍሉ መስኮት ሥር ናት። የስፌት መኪናው በመስኮቱ በኩል የተቀመጠው ብርሃን እንዲያገኝ ነው፤ ብርሃኑ የሚያሳየው ግን ክርና ጨርቅ ብቻ አይደለም። ልብስ ሰፊዋ ቀና ባለች ቁጥር ታያለች። ባሏ የራሱን ፊት ሳይታጠብ የባዝራዋን ዓይን በእርጥብ ጨርቅ ሲጠርግላት ታያለች። የጋማዋን ቋጠሮ እንዳያማት እየተጠነቀቀ በጣቱ ሲፈታ ታያለች። ከሰኮናዋ ጠጠር ሊያወጣ ሲፈልግ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «እስቲ እግርሽን፣ እመቤት» ይላታል፤ እሷም ታነሳለታለች።

ከሁሉ የባሰው ወሬው ነው። ይህ ሰው ቤት ውስጥ ያሉት ቃላት «እህ»፣ «እሺ» እና «ይሁን» ናቸው። ከባዝራዋ ጋር ሲሆን ግን ከንፈሩ አያርፍም። ምን እንደሚላት ለመስማት ልብስ ሰፊዋ ያልሞከረችው የለም። የስፌት መኪናው ሲሽከረከር ድምፁ አያሰማትም፤ መኪናውን ስታቆም ደግሞ እሱም ያቆማል። እግሯን ከመርገጫው ላይ ቀስ አድርጋ ብታነሳ እንኳ ያውቅባታል። ስለዚህ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እያየች፣ ቃሉን ሳትሰማ ትሰፋለች። እንዲህ ባለ ቀን የሰፋችው ልብስ ስፌቱ ይሸበሸባል፤ ክሩን አጥብቃ ትስበዋለቻ!

ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪዋ የሽርጥ ጨርቅ ይዛ ስትመጣ ይህን ሁሉ በመስኮቱ ታያለች። አይታም አታልፍም።

«ጣውንትሽ እንዴት አደረች?»

«ከኔ ተሽላ።»

«ምን አለበት፤ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል የለ?»

«እሱን በይኛ! ባሌን ይዛው የት እንዳደረሰችው አታዪም?»

ዳቦ ጋጋሪዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋም ሳቀች፤ መርፌዋ ግን ጨርቁን ስቶ ጣቷን ወጋት።

እዚህ ላይ ስለ ፈረስ ሆድ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል፤ የአጥሩ ሐሳብ የተወለደው ከዚያ ነው። ላም የቻለችውን ያህል ትግጥና ተኝታ ታመሰኳለች፤ ሆዷ ጎተራ ነው። ፈረስ አያመሰኳም። ጨጓራው ከገላው ጋር ሲተያይ በሚያስገርም ሁኔታ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት በጥቂት፣ የቀኑን አብዛኛውን ጊዜ፣ ከሌሊቱም ቀላል የማይባለውን እየጋጠ ማሳለፍ አለበት። ሆዱ ባዶውን ከቆየ ይታመማል። አሁን ይህን ፈረስ በገመድ እሰሩት። ገመዱ የሚደርስበትን ሳር ፀሐይ ሳይበረታ ይጨርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ሳር የሚያጭድለት፣ ካስማውን የሚያዛውርለት፣ እግሩ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ የሚፈታለት ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰውም እንደ ፈረሱ ታስሮ ይውላል።

ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትደርስበት መቀሷን አስቀምጣ አጨበጨበች። ባዝራዋ የራሷ መስክ ካላት ራሷን ትመግባለች፤ ራሷን ከመገበች ባሏ ሥራ ይፈታል፤ ሥራ ከፈታ ለምሳ ይገባል፤ ምሳ ላይ ከተቀመጠ ያወራል። ቁርጡ ከተስተካከለ ስፌቱ አይቸግርም።

ከቤቱ ጀርባ ሳር የሞላበት፣ ጭር ካለ የኋላ መንገድ ጋር የሚዋሰን ሜዳ አለ። ጨርቅ አጥባ የምታሰጣበት የሷ ቦታ ነው።

«ከኋላ ያለውን ሜዳ ለፈረሷ እንጠርላት» አለችው ራት ላይ።

የባሏ ማንኪያ አየር ላይ ቀረ። «ማስጫሽን?»

«ጨርቅ የትም ይሰጣል።»

«አንቺ ሴትዮ... ወደድሻት ማለት ነው!»

«እንዴታ» አለች ጥርሷን ነክሳ። ሰውዬው ከደስታው ብዛት ራቱን ሳይጨርስ ወሬውን ሊነግራት ወጣ። ለማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

በማግስቱ የሰፈሩ አናጢ መጣ። ባሏ ባለ እሾህ ሽቦ ይበቃል ባይ ነበር፤ አናጢው እጁን አወናጨፈ።

«ጋሼ፣ ፈረስ በሽቦ አይታጠርም። ሽቦውን አያየውማ!»

ነገሩ እውነት ነው፤ ምክንያቱም ደስ ይላል። የፈረስ ዓይኖች በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ስላሉ፣ ሳይዞር ከኋላው የሚመጣውን እንኳ ሊያይ ይችላል። ቀጭን ነገር ግን፣ በተለይ ሲሮጥ፣ ደህና አድርጎ አይለይም። ጠባዩም ከላም ይለያል። ላም እሾህ ሲነካት ወደ ኋላ ትላለች። ፈረስ ሲደነግጥ መጀመሪያ ይሸሻል፣ የሚያስበው ከሸሸ በኋላ ነው፤ ሽቦ እግሩን ከያዘው እየጎተተ ሥጋውን ይተለትላል። ስለዚህ አጥሩ ከሩቅ የሚታይ ሰፋፊ ጣውላ መሆን አለበት። የላይኛው ጣውላ ለመዝለል እንዳያምረው ከደረቱ ከፍ ይላል። የታችኛው ደግሞ ሳር ላይ ሲንከባለል እግሩ ገብቶ እንዳይቀረቀር ከመሬት ይርቃል።

«ታዲያ ልኳን ማን ያምጣልኝ?» አለ አናጢው።

«ለመለካቱ እኔ አለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሯን ከአንገቷ ላይ እየሳበች።

ባዝራዋን እንደ ማንኛዋም ደንበኛ ለካቻት። «ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ሆድሽን አትሳቢ፤ በኋላ ይጠብሻል።» ባዝራዋም ቀሚስ ሊሰፋላት ይመስል ቀጥ አለች። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን በአንገቷ ዙሪያ ስታሳልፍ አፍንጫዋ ጋማው ውስጥ ገባና የምታውቀው ሽታ ሸተታት። የራሷ የጸጉር ሳሙና ነበር፤ ለክት ያስቀመጠችው።

«አንተ ሰውዬ! ሳሙናው አልቋል አላልከኝም?»

«አልቋል እኮ» አለ ባሏ።

አናጢው ለመሳቅ ፊቱን ወደ ጣውላው አዞረ።

ባሏ ጉድጓድ ቆፈረ፤ አናጢው ምሰሶ ተከለ። ምሰሶ መትከል ቀላል ይመስላል፤ ጥበቡ ግን አፈሩ ላይ ነው። ጉድጓዱን ባንዴ ከሞሉት ከላይ ይጠነክርና ከሥር ላላ ይሆናል። ትንሽ አፈር ይጨመራል፣ በእንጨት ጫፍ ይጠቀጠቃል፣ ደግሞ ትንሽ ይጨመራል፣ ደግሞ ይጠቀጠቃል፤ ምሰሶው በመዳፍ ሲመታ ወፍራም ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ። የማዕዘኖቹ ምሰሶዎች ከሌሎቹ ይወፍራሉ፣ በሰያፍ እንጨትም ይደገፋሉ፤ የሁለት ጎን ሸክም ያለው እነሱ ላይ ነዋ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታይ «ልክ እንደ ኮሌታ፤ ያለ ገበር አይቆምም» አለች። አናጢው አልገባውም፤ እሷ ግን ገብቷታል።

ጣውላው ተቆርጦ እንደተደረደረ አናጢውን ለጣሪያ ሥራ ጠሩት። «ስመለስ እመታዋለሁ፤ እትዬ፣ እስከዚያ እንዳትነኪው» ብሎ ሄደ። እሷ ግን መጠበቅ አልሆነላትም። ባሏ ጉድጓድ ሲቆፍር እንኳ ባዝራዋን አጠገቡ አስሮ ነበር የዋለው። መዶሻውን አነሳች።

የሠራችው ስህተት የልብስ ሰፊ ስህተት ነው፤ ሌላ ሰው አይሠራውም። ልብስ ፊትና ጀርባ አለው። ያማረው ፊት ወደ ውጭ ይሆናል፤ እጥፋቱ፣ ቋጠሮው፣ የክሩ ጫፍ ወደ ውስጥ ይደበቃል። እሷም ጣውላውን ሁሉ በመንገዱ በኩል፣ ከምሰሶዎቹ ውጭ መታችው፤ ምሰሶዎቹ ወደ ውስጥ፣ ወደ ባዝራዋ በኩል ተደበቁ። ከመንገድ ሲታይ አጥሩ እንደተተኮሰ ቀሚስ ነበር። ባሏ መጥቶ መዳፉን በጣውላው ላይ አንሸራተተና «ለስላሳ ነው» አለ። በእጅ ማየት የሠራተኛ ልማድ ነው ብላ አለፈችው።

ባዝራዋ ወደ መስኩ ገባች። ልብስ ሰፊዋ ቤት ገብታ ጠረጴዛውን ወለወለች፣ የክት ሳህን አወጣች፣ ጸጉሯን አስተካከለች፣ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አቀረበች። ባሏ መጣ። አንዱን ወንበር አነሳና ይዞት ወጣ።

«ወዴት ነው?»

«ብቻዋን ሆና ትጣራለች። አልሰማሽም?»

ይህን አላሰበችበትም ነበር። ፈረስ የመንጋ ፍጥረት ነው፤ ብቻውን ሲሆን፣ እሱ ሲያርፍ ዘብ የሚቆምለት ጓደኛ ስለሌለው ልቡ አይረጋም። ከቤቱ ፊት፣ ዋናው መንገድ ዳር ሳለች ቢያንስ አላፊ አግዳሚ ታይ ነበር። አሁን ከጓሮ ያላት ሰው እሱ ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ በገዛ እጇ ባሏን ከመስኮቷ ሥር አንስታ ከዓይኗ ሰውራ አስቀመጠችው። ቀድሞ ከንፈሩን እንኳ ታይ ነበር!

ሳህኑን ከድና ልትወስድለት ወጣች። የቤቱ ጥግ ላይ ስትደርስ ድምፁን ሰማች። እዚህ የስፌት መኪና የለም፤ ቃሉ አንድ በአንድ ይሰማል።

«...ያን ለት ጋሪያችን ፊት የገባችውን ልጅ ያየሻት አንቺ ነሽ። አንቺ ባትቆሚ ኖሮ እኔ አላየኋትም። ልጓሙን የሰቀልኩት ለዚያ ነው። ባለሞተሮቹ ወሰዱት አልኩ እንጂ ምን ወሰዱብኝ! ዓይኔ ነው፣ እመቤት። ጭጋግ ሆኗል፤ ሲመሽማ ከነጭራሹ...» ጋማዋን ዳበሰላት። «ለሷ እንዳልነግራት፣ ታውቂያታለሽ። ገና 'ዓይኔ' ስላት ከአፌ ትነጥቀኛለች። እኔ እጅጌውን ሳልጨርስ እሷ ቁልፉን ተክላ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ ትሰጠኛለች።»

ባዝራዋ ሳሯን ታኝካለች። አንድ ጆሮዋን ወደሱ አዞረች፤ ሌላ ምንም አላደረገችም።

ልብስ ሰፊዋ ከነሳህኗ ተመለሰች። ስለ ዓይኑ ደንግጣለች። ከድንጋጤው ቀድሞ የደረሰው ግን ቅናት ነው፤ እንዲያ ዓይነቱን ቅናት አታውቀውም ነበር። ሳሙናውን ይስጣት። ወንበሩንም ይስጣት። ይህን ግን! የባሏን ዓይን መድከም ከሚስቱ በፊት ፈረስ አወቀችው። ተመልሳ «ሰምቻለሁ» ልትለው በሩ ድረስ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ታያት፦ እንዲህ ካለችው ከአፉ ነጠቀችው ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ለባዝራዋም አይናገር ይሆናል። ራሱ መጥቶ ሊነግራት ይገባል፤ የምትፈልገው እሱን ነው፣ ከዚያ ያነሰ አይደለም። ሆድ ይፍጀው አለችና ተቀመጠች።

አጥሩ ግን ሆድ ይፍጀው የሚል አልነበረም። ከአጥር ወዲያ ያለ ሳር ለፈረስ ሁሌም ይጣፍጠዋል። ባዝራዋ በየቀኑ በደረቷ ጣውላውን እየተደገፈች አንገቷን ስታሰግግ ሰነበተችና አንድ ቀን መሸትሸት ሲል፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያዳግት፣ ጣውላው ከነምስማሩ ተነቅሎ ወደቀ። ልብስ ሰፊዋ ድምፁን ሰምታ ስትወጣ ባዝራዋ መንገድ ላይ ነበረች፤ ግራጫዋ ከምሽቱ ጋር ተመሳስሏል። ባሏ «እመቤት! እመቤት!» እያለ ወጣ። እጁን ቢዘረጋ በሚነካት ርቀት አጠገቧ አለፈና ወደ ማዶ፣ ማንም ወደሌለበት፣ እየተጣራ ሄደ።

ከታች የሞተር መብራት ይመጣል። ልብስ ሰፊዋ የባዝራዋን ጋማ ጨምድዳ ወደ ዳር ጎተተቻት፤ ያች የጠላቻት ባዝራ እንደ በግ ተከተለቻት። ሞተሩ አለፈ።

«እዚህ ነን!» ብላ ተጣራች።

ባሏ ድምፁን ተከትሎ፣ እጆቹን ወደ ፊት አድርጎ መጣ። «አይቻታለሁ» አለ። «በዚያ በኩል ዞሬ ልመልሳት ብዬ ነው።»

አፏን ከፈተች። ቃላቱ በሙሉ ምላሷ ላይ ተሰልፈው ነበር፤ የሐኪሙ፣ የመነጽሩ፣ የሞተሩ፣ «እኔስ ሚስትህ አይደለሁም ወይ?» የሚለው ሁሉ። መልሳ ዘጋችው።

«እሺ» አለች።

ባሏ ወደ ድምፁ አንገቱን አዘነበለ። «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

አናጢው ተመልሶ አጥሩን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«እትዬ፣ አጥሩን አለበስሽው እንጂ መቼ አጠርሽው! ፈረስ የሚገፋው ከውስጥ ነው። ጣውላው በውስጥ በኩል ቢሆን ስትደገፈው ምሰሶው ይቀበላታል። አንቺ በውጭ መታሽውና ሸክሙ ሁሉ ምስማሩ ላይ ወደቀ። ምስማር ደግሞ ወደ ውጭ ሲገፉት ደስ ብሎት ነው የሚወጣው።»

«ከመንገድ ሲታይ ግን ምሰሶው ፈጦ ያስጠላል።»

«የምትለብሰው እሷ ናት እንጂ መንገደኛው ነው እንዴ? አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ ነው ነገሩ።»

የሙያዋን ቋንቋ ነው የተናገራት። ጣውላውን ነቀሉ፣ የተጣመመውን ምስማር አቀኑ፣ ሁሉንም በውስጥ በኩል መልሰው መቱት። ባሏ ጣውላ ይዞላት ነበር። በጠመኔ ያሰመረችውን ምልክት በዓይኑ ሳይሆን በአውራ ጣቱ ሲፈልገው አየች። ምልክቱን ወፈር አድርጋ አሰመረችለት።

አሁን አጥሩ ቆሟል፤ ባዝራዋ የቻለችውን ያህል ብትደገፈው አይነቃነቅም። የባሏ ወንበር ዛሬም መስኩ ውስጥ ነው። አዲሱ ነገር ሁለተኛ ወንበር መጨመሩ ነው። ልብስ ሰፊዋ የእጅ ሥራዋን፣ ቁልፍ የሚተከልለትንና ጠርዙ የሚለቀመውን፣ ይዛ ትገባና ከባዝራዋ በወዲያኛው ጎን ትቀመጣለች። ጣውንቷን በጥሞና አጥንታታለች፤ አዲስ ሞዴል ከተሰፋ ልብስ ላይ እንደምትቀዳ ነው ያጠናቻት። ባዝራዋ ሲያወራላት ፊት ፊቱን አታየውም። አፏ ሥራ አይፈታም፣ ግን የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። አንድ ጆሮ ትሰጠዋለች፣ ሁለቱንም አትሰጠውም። ደግሞም ዝም ሲል ዝምታውን አትሞላበትም።

ማየቱ ቀላል ነበር፤ መሥራቱ ሌላ ነገር ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ባሏ ገና «ጉልበቴ...» እንዳለ በምን መታሸት እንዳለበት ነገረችው፤ ቀኑን ሙሉ በ«እህ» ዋለ። ሌላ ቀን ወጣት ሳለ ስለነበረው የመጀመሪያ ፈረሱ ሲያወራ እስከ መጨረሻው ቻለች፤ ላብ አጠመቃት። ዳቦ ጋጋሪዋ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥላ አይታታለች።

«ጣውንትሽን ልትጠብቂ ገባሽ?»

«ትምህርት ገብቼ ነው።»

«አስተማሪው ማነው?»

ልብስ ሰፊዋ በአገጯ ባዝራዋን አሳየቻት። «አልወዳትም። ግን ታውቃለች።»

ዛሬ ከሰዓት ባሏ ጋማውን ሲያበጥር ማበጠሪያው መሐል ላይ ቆመ።

«ሰሞኑን...» አለ፣ ለማን እንደሆነ ሳይለይ። «ሰሞኑን ሲመሽ መንገዱ...»

ከዚያ ዝም አለ። ባዝራዋ እያኘከች አንድ ጆሮዋን አዞረች። ልብስ ሰፊዋ ቀና አላለችም። መርፌዋን ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ሰደደች፣ አወጣች፣ እንደገና ሰደደች። የሚቀጥለውን ቃል ከአፉ እንዳትነጥቀው ክሩን በጥርሷ ነክሳ ይዛለች፤ እሱም ገና እያሰበ ነው።